ለደም የቀረበ ድንጋይ

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። አጻጻፌ የሚጎረብጣችሁ ካላችሁ ቻሉት፤ እኔ የቻልኩት ከዚህ የባሰ ነው። ይህን ነገር ጎንደር ቁስቋም አጠገብ ወዳለችው የሥራ ክፍሌ ለሚመጡ ሰዎች አንዳንዴ ቆራርጬ አጫውታቸው ነበር። አንዱ፣ “ለምን አትጽፈውም?” አለኝ። “ማን ያምነኛል?” አልኩት። “ሳትጽፈውስ ማን አመነህ?” አለኝ። እውነቱን ነው።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ያኔ ትክል ድንጋይ ከሚባለው አገር አጠገብ የምኖር ገበሬ ነበርኩ። ስሜ አለነ ይባላል። ሞላ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ፤ ሳቂታ፣ ቀልደኛ፣ ግን እጁ ከአፉ የሚፈጥን። አንድ ቀን አውድማ ላይ ስማቸው ከሚባል የአገራችን ሰው ጋር ተጣላ። የጠቡ መነሻ የስማቸው በሬ የእኛን ክምር መብላቱ ነው። ለዚህ ነው ሰው የሞተው፤ ለአንድ አፍ ጭድ። ሞላ በዱላ መታው፤ ስማቸው ጥቂት ቀን አጣጥሮ ሞተ።

ሞላ የስማቸውን መሞት እንደሰማ ሮጦ ቤተ ክርስቲያን ገባና ደወል ደወለ። በአገራችን ደም ያለበት ሰው ደወል ደውሎ ከቅጽሩ ከገባ፣ እዚያ እስካለ ድረስ ማንም አይነካውም። ከወጣ ግን የሟች ወገን ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ተላከ፣ ካሳ ተጠየቀ። ካሳው ከብት ነው። የእኛ ከብት ደግሞ ባለፈው ዓመት በበሽታ አልቆ አንድ በሬ ብቻ ቀርቶናል።

እናቴ ያን ጊዜ ድንጋዩን ከአንገቷ ፈታች።

አባቴ ጎንደር ነፃ የወጣች ጊዜ አዘዞ መንገድ ላይ ከወደቀ የጣሊያን ቦርሳ ያገኘው ነው። ከቦርሳው ገበር ውስጥ ተሰፍቶ ነበር። ከሽምብራ ፍሬ ትንሽ ያነሰ፣ ቀለም የሚባል የሌለው፣ ብርሃን ሲነካው ግን እንደ ተቆጣ ሰው ዓይን የሚፈነጥቅ። አባቴ ከመሞቱ በፊት፣ “አልማዝ ሳይሆን አይቀርም” ብሎ ነበር። እናቴ ስሙ አላስጨነቃትም። ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ስለሆነ ዓይኗ ሲቆጣባት በዓይኗ ቆብ ላይ ታስቀምጠዋለች። እኛንም ዓይናችን ሲያመን በተራ ታስነካን ነበር።

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አያ ወንዴ ድንጋዩን በመዳፋቸው አገላብጠው፣ “እኔ ይህን የሚመስል የማውቀው በረዶን ነው” አሉ። “የእውነት አልማዝ ከሆነ ግን ለካሳው ይበቃል፤ ደሙ ይደርቃል። ጎንደር የሚያውቅ ሰው አለ ይባላል። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ይሂድ። ያያችሁትን አይታችሁ፣ የሰማችሁትን ሰምታችሁ፣ መጥታችሁ ትመሰክራላችሁ።”

ከእኛ እኔ ተመረጥኩ። ከእነሱ የሟች ታላቅ ወንድም ጥጋቡ። ሁለታችንም በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ማልን።

ደም ያላቸው ሰዎች ሳይታረቁ አብረው አይበሉም፣ ከአንድ ዕቃ አይጠጡም። ስለዚህ ያን ሁሉ መንገድ ጎን ለጎን ሄደን፣ ምሳ ሲደርስ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን እያንዳንዳችን ቆሏችንን ቆረጠምን። የእሱ ቆሎ ሲሰበር ይሰማኛል፤ የእኔም ለእሱ ይሰማዋል።

“ምነው ዝም አልክ?” አለኝ ጥጋቡ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

“ምን ልበልህ?”

“ድንጋይህ የጠርሙስ ስባሪ ከሆነ ወንድምህን ምን ትለዋለህ?”

“አንተስ የእውነት ከሆነ እናትህን ምን ትላታለህ?”

ቆሎውን መቆርጠሙን ቀጠለ። የሟች እናት ካሳ እንደማትፈልግ አገር ያውቅ ነበር። የምትፈልገው ሞላን ነው።

ጎንደር ስንደርስ አዲስ አለም የሚባለው ሰፈር ሄድን፤ የእስላም ነጋዴዎች ሰፈር ነው። ሐጂ ኑሩ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ በጉብዝናቸው ግን ምጽዋ ከአንድ ህንዳዊ ወርቅ ሠሪ ጋር ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ያገኘናቸው ከአንዲት ሴት ጋር በአቡጀዲ ዋጋ ሲጨቃጨቁ ነው። ጉዳያችንን ስንነግራቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ “የጎንደር ሰው ሁሉ ከጣሊያን ቦርሳ አልማዝ አገኘሁ ይለኛል። እኔ እስካሁን ያየሁት የጠርሙስ ቂጥ ነው” አሉን።

“የሰው ነፍስ ያለበት ነው ሐጂ” አልኳቸው።

“የማን ነፍስ?”

“የወንድሜ።”

ወደ ጥጋቡ ዞረው፣ “አንተስ?” አሉት።

“የእኔ ወንድም አንዴ ሞቷል።”

ሐጂ ሴትዮዋን አሰናበቱና የሱቁን አንድ መዝጊያ ዘጉ።

ያን ጊዜ ያደረጉትን አሁን የማየው ያህል አስታውሰዋለሁ። መጀመሪያ ድንጋዩን ከንፈራቸው ላይ አስነኩ። “ቀዝቃዛ ነው” አሉ፤ እናቴ ታውቀው የነበረውን። ከዚያ ድንጋዩንና አንድ የብርጭቆ ስባሪ አጠገብ ለአጠገብ አድርገው አፋቸውን ከፍተው ተነፈሱባቸው። ብርጭቆው ላይ ጉሙ ቆየ። ድንጋዩ ግን ወዲያው ጠራ፤ ትንፋሹን የጠላው ይመስል። በነጭ ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር ዘርግተው ድንጋዩን በጠፍጣፋ ፊቱ ደፉበት።

“ክሩ ይታይሃል?” አሉኝ።

“አይታየኝም።”

“አንተስ?”

ጥጋቡ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። “የለም” አለ።

“መስታወት ቢሆን በሆዱ አልፎ ይታያችሁ ነበር።”

እኔ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። እሳቸው ግን ገና ፊታቸው አልተፈታም። “ይህን ሁሉ የሚያታልል ነጭ ድንጋይ አለ” አሉና ከጣታቸው ቀለበት አወለቁ፤ ያቁት የሚሉት ቀይ የከበረ ድንጋይ ያለበት። “ይህ የአባቴ ነው። ያቁትን የሚጭረው አንድ ድንጋይ ብቻ ነው። ካልጫረው ተነሱና ሂዱልኝ።” የድንጋዩን ጠርዝ በያቁቱ ጥግ ላይ አስደግፈው ጎተቱ። ትንሽ ሲር አለ። በምራቃቸው ጠረጉት፣ በአውራ ጣታቸው አሹት። ጭረቱ አልጠፋም።

“ያ አላህ” አሉ ቀስ ብለው። “የአባቴን ቀለበት አበላሻችሁት።”

እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።  ጥጋቡ እንደቆመ ቀረ።

ቀጥለው በወርቅ ሚዛን መዘኑት። ማጉያ መነጽር አምጥተው በሩ ላይ ቆመው አዩበት፤ ከዚያም ምላሳቸውን አጮሁ። “ትንሽ ቢጫ ይነካካዋል። ይህ ዋጋ ይቀንሳል። ደግሞ ሆዱ ውስጥ እንከን አለ። ኑ እዩ።”

እኔ አየሁ። ከውስጥ አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር አለች። ጥጋቡም መነጽሩን ተቀብሎ አየ። “እንደ ፀጉር” አለ። ይህን ቃል አስቡልኝ። እሱ ራሱ ነው፣ “እንደ ፀጉር” ያለው።

“ልክ ነህ” አሉት ሐጂ። “ስሙኝ እንግዲህ። ይህ ድንጋይ ሁሉን ይጭራል፤ እሱን የሚጭረው የለም። መዶሻ ካረፈበት ግን በዚያች ፀጉር በኩል እንደ ደረቅ ግንድ ይፈለጣል። አልማዝ የሚቆርጡት ሰዎችም ፈልጠው ነው የሚከፍሉት። ከድንጋይ ላይ አትጣሉት፣ በብረት አትንኩት። እዚህ የሚገዛው የለም፤ አስመራ ከወሰዳችሁት ግን ከነእንከኑም ቢሆን ሁለት ጥማድ በሬና ላም ከነጥጃዋ ያወጣል።”

ይህ ከተጠየቀው ካሳ በላይ ነበር።

ልንወጣ ስንል ሐጂ፣ “ያልኩትን በወረቀት ጽፌ፣ ማኅተሜን መትቼ ልስጣችሁ?” አሉን።

አባቴ ያላነበበው ወረቀት ላይ ጣቱን አስነክቶ ግማሽ መሬቱን ያጣ ሰው ነው። በቤታችን ወረቀት ማለት እባብ ማለት ነበር። “ወረቀት ምን ይሠራል?” አልኩ። “ሰው እያለ። ምስክሬ ይኸው ቆሟል።”

“እኔ አለሁ” አለ ጥጋቡ።

ሐጂ ትከሻቸውን ነቀነቁ። “እንደ ወደዳችሁ። ሰው ግን ይረሳል።”

“እኛ ያየነውን አንረሳም” አልኳቸው፤ ኩራቴ ደግሞ።

ስንመለስ አንድ ዳገት ላይ ውኃዬ አለቀ። ጥጋቡ አየኝና ሳይናገር ቅሉን ዘረጋልኝ። “ገና አልታረቅንም እኮ” አልኩት። “ማን አየን?” አለኝ። ጠጣሁ። ያ ውኃ ከዚያ ወዲያ የጠጣሁትን ሁሉ አስረሳኝ። አለቀ፣ ወንድሜ ተረፈ ብዬ መንገዱን በሙሉ አለቀስኩ፤ እሱ እንዳያየኝ ወደ ኋላ እየቀረሁ።

ጉባኤው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጠ። ሞላ በቅጽሩ በር ውስጥ ቆሞ ያያል። የሟች እናት ጠቁራ፣ ፊቷን ነጭታ፣ ከወገኖቿ ፊት ተቀምጣለች። ጥጋቡ ሲያልፍ ቀና ብላ አየችው። እኔ ያን አስተያየት አይቻለሁ። ውሻም ቢሆን በእንዲያ ያለ አስተያየት ቤቱ አይገባም።

አያ ወንዴ፣ “ጥጋቡ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ?” አሉ።

“አልማዝ ነው ብሏል ሐጂው። ለካሳው ይበቃል ብሏል።”

ሰው አጉረመረመ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሞላ ከበሩ ላይ በጣቱ ሰማዩን አሳየኝ፤ ሲደሰት የሚያደርገው ነው። በዚህ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ዛሬ እያረስኩ ነበር።

የሟች እናት ተነሳች። “የልጄን ደም በጠርሙስ ስባሪ ታደርቁብኛላችሁ? በእስላም ነጋዴ ቃል?”

ያን ጊዜ መሪጌታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የደብሩ አዋቂ ናቸው፤ ሳያስቡ አይናገሩም ይባል ነበር። “ነገሩ ቀላል ነው” አሉ። “እኔ ከአባቶች ትርጓሜ ሲሰጡ የሰማሁት አለ። አልማዝን ብረት አያሸንፈውም። ለንጽሕና ምሳሌ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ብረት ካላሸነፈው አልማዝ ነው፤ እናታችን ይቀበላሉ። ካሸነፈው አይደለም።”

“ሸጋ ነው” አለ ሕዝቡ። “ይሞከር።”

እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። “ይሰበራል። ሐጂ መዶሻ እንዳታስነኩት ብለዋል። በሆዱ ውስጥ እንከን አለ፤ በዚያ በኩል ይፈለጣል።”

ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዱ፣ “ሲሸሽ አያችሁት? ጠርሙስ መሆኑን እሱም ያውቃል” አለ።

“ሌላ ሰው ይላክ። ሐጂው ራሳቸው ይጠሩ” አልኩ።

“እስላም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ምን ብሎ ይምላል?” አሉ መሪጌታው። በክፋት አልነበረም፤ እንዲያው እንደዚያ ስለሚመስላቸው ነው።

ወደ ጥጋቡ ዞርኩ። “ተናገር እንጂ። አብረን ሰምተናል። አንተም ያችን ፀጉር አይተሃታል።”

ጥጋቡ መሬት መሬት አየ። እናቱ እሱን አየችው። 

“አልማዝ ነው ሲል ሰምቻለሁ” አለ። “ይሰበራል ሲል አልሰማሁም።”

አያ ወንዴ ቀስ ብለው፣ “አለነ፣ ሌላ ምስክር አለህ?” አሉኝ።

“የለኝም።”

“ሐጂው የጻፉልህ ነገርስ?”

“ልጻፍላችሁ ሲሉን እኔው እምቢ አልኩ” አልኳቸው።

“እንግዲህ ካልተሞከረ ደሙ አይደርቅም” አሉ።

ማረሻ አምጥተው ድንጋይ ላይ አጋደሙ። “ካመንክበት አንተ ምታው” አሉኝ። እምቢ አልኩ። እምቢ ማለቴ ራሱ ተፈረደብኝ። መጥረቢያውን ለጥጋቡ ሰጡት። አልማዙን ማረሻው ላይ ሲያስቀምጥ አንዴ በጣቱ አዞረው። ለምን እንዳዞረው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ በመጥረቢያው ጀርባ መታው።

ድምፁ ትንሽ ነበር። ቅማል በጥፍር ሲገደል ያህል።

 ከዚያ የሟች እናት ነጠላዋን አራግፋ ተነሳች። “ገላገላችሁኝ” አለች። ወገኖቿ ተከትለዋት ሄዱ፤ ጥጋቡ መጨረሻ።

እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ከአፈሩ ውስጥ ስባሪዎቹን መልቀም ጀመርኩ። ሞላ ከቅጽሩ በር፣ “ምን ሆነ?” አለኝ።

“ተሰበረ።”

“እናቴ እንግዲህ ዓይኗን በምን ልታቀዘቅዝ ነው?” አለኝ። ሊያስቀኝ ነበር። ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻ ቀልድ ነው።

ሞላ ከዚያ ጠፍቶ ወደ አርማጭሆ በረሃ ወረደ። እናቴ ታመመች ሲሉት ሊያያት በተመለሰ ዕለት፣ ከበራችን ሳይደርስ ተመታ። የተኮሰው የጥጋቡ የአጎት ልጅ መሆኑን ያላወቀ የለም፤ የመሰከረም የለም። እናቴ ከልጇ በኋላ አልቆየችም። እኔ መሬቱን ለዘመድ ጥዬ፣ ስባሪዎቹን በጨርቅ ቋጥሬ ጎንደር ገባሁ።

ሐጂ ኑሩ ጨርቁን ሲፈቱ ፊታቸው ጨለመ። “ምነው? መዶሻ አታስነኩት አላልኳችሁም?”

“ብለውናል” አልኩ። ይህን ቃል ከሌላ ሰው አፍ በመስማቴ ብቻ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ትልቁን ስባሪ አንስተው በሱቁ መስታወት ላይ አስኬዱት። መስታወቱ ሲር ብሎ ጮኸ። “አልማዝነቱን አልለቀቀም” አሉ። “ለጌጥ ግን አይሆንም፤ ዋጋውም አንድ በግ አይሞላም። ለመስታወት መቁረጫ ነው የሚሆነው።” ናስ ላይ አስቀምጠው፣ እጀታ አበጅተው ሰጡኝ። ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ቤት ሁሉ መስኮት ይሰበራል። ሥራ አላጣሁም። ዛሬ በዚህ ከተማ መስታወት ያለው መስኮት ስታዩ አብዛኛው በወንድሜ ደም ዋጋ ነው የተቆረጠው።

ፊደልንም ያስቆጠረኝ “ወረቀት ምን ይሠራል?” ያልኩት ቃሌ ነው። ከቁስቋም አንድ ዲያቆን ይዤ፣ ከልጆች ጋር ተቀምጬ ሀ ሁ አልኩ። ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የሸበተ ሰው በክፍሌ በር ቆመ። የማርያም ሥዕል በክንዱ ይዟል። ድምፁን ሳልሰማ አወቅኩት። እሱም አወቀኝ፤ ግን ዞሮ መሄድ አልቻለም መሰል።

“መስታወት እንድትቆርጥልኝ ነው” አለ ጥጋቡ። “እናቴ አርፋ፣ በስሟ ለቤተ ክርስቲያን ልሰጠው።”

ሥዕሉን ተቀብዬ ለካሁ። መቁረጫዬን አነሳሁ። መስታወቱ ላይ ሳስኬደው ያ ሲርታ ወጣ። የሐጂ ቀለበት ላይ የሰማነው ድምፅ ነው። ጥጋቡ የበሩን መቃን ያዘ።

“በምንድን ነው የምትቆርጠው?”

“ታውቀዋለህ።”

መስታወቱን በእጄ ሰብሬ ለየሁት። ጠርዙን መሞረድ ጀመርኩ። “ሰምቼ ነበር” አለ እሱ። “አይቼም ነበር።”

“ለምን አልተናገርክም?”

“ያን ዕለት ማታ እናቴ ቤት እንዴት እገባለሁ ብዬ ነው።”

ይህ ነው ምክንያቱ። ሌላ ትልቅ ነገር ትጠብቁ ከሆነ እኔም ስጠብቅ ነበር። ማታ ቤት ለመግባት።

ወረቀት አወጣሁ። ያለውን፣ ልክ እንዳለው፣ ከጎንደሩ ሱቅ እስከ ማረሻው ጻፍኩ። ጣቱን በጥቀርሻ ነክሮ ፈረመ፤ ማንበብ አይችልም። ምን ብዬ እንደጻፍኩ እንኳ አልጠየቀኝም።

“ወንድምህን የገደልከው አንተ ነህ ብዬ ጽፌ ቢሆንስ?” አልኩት። “እንዴት አመንከኝ?”

“አንተም አንድ ጊዜ አምነኸኝ ነበር” አለኝ።

ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እስኪያልቅ ቆሞ ሰማ። “ልክ ነው” አለ። ሥዕሉን ከነመስታወቱ ይዞ ወጣ።

ይቅር አላልኩትም። ይቅር በለው ብላችሁ የምትደክሙ ካላችሁ አትድከሙ፤ እናንተ ያጣችሁት ወንድም የለም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጠላሁት መሪጌታውን ነበር፤ ቀጥሎ ማረሻ ላይ ያስመቱትን አያ ወንዴን። እነሱ የሚያውቁትን ተናገሩ፤ የሚያውቁት ስሕተት ነበር እንጂ። ያወቀው ሰው ነው ዝም ያለው። ስለዚህ በሸንጎ ስትቀመጡ በስሕተት የሚናገረውን ብቻ አትዩ። መሬት መሬት የሚያየውን ፈልጉ። ምስክራችሁ የቱንም ያህል ውኃ ቢያጠጣችሁ ደግሞ፣ ወረቀቱን ተቀበሉ። ማንበብ ባትችሉም ተቀበሉ፤ የሚያነብ አይጠፋም።

ወረቀቴ ሳጥኔ ውስጥ አለ። አያ ወንዴ የሉም፤ መሪጌታውም የሉም፤ የጥጋቡም እናት የለችም። የማሳየው ሰው ስላጣሁ ለእናንተ አሳየሁ። ሥዕሉ በአገራችን ቤተ ክርስቲያን፣ ሞላ በቆመበት በር በኩል ተሰቅሏል ይላሉ። ሄጄ አላየሁትም። መስታወቱን ግን ልኩን ቆርጬለታለሁ፤ በዚያ በኩል የሚታማ ነገር የለኝም።